የኩኬሪ ደወልና በቤት የተበየደ ሲንተሳይዘር፦ የስላቮችን ጥንታዊ ሥርዓት ለመድረክ ስንሰፋ

ሽቦና ክር

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሶፊያ፣ ቡልጋሪያ ነው። እንጀራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ መበየጃ ይዤ እቀመጣለሁ።

እዚህ አገርና በጎረቤት አገሮች የሚሠራ አንድ የጥበብ ዓይነት አለ። ወጣቶች ከክርስትና በፊት የነበረውን የስላቮች (ቡልጋሪያውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ዩክሬናውያን የመሳሰሉት ሕዝቦች) ሥርዓት መነሻ ያደርጋሉ፤ ጭምብሉንና ልብሱን በእጃቸው ሠርተው፣ ድምፁንም ራሳቸው ከገጣጠሙት ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ ከሚፈጥር መሣሪያ) እያወጡ መድረክ ላይ ይወጣሉ። ጥሩ ሲሆን ጸጉር ያቆማል። ብዙውን ጊዜ ግን የማየው ቀንድ የደፋ ሰው ላፕቶፕ ፊት ቆሞ ቁልፍ ሲጫን ነው። ልብሱ ለፎቶግራፍ፣ ድምፁ ለብቻው።

የሚቆጨኝ ይህ መለያየት ነው፤ መነሻ በሆነው ሥርዓት ልብስና ድምፅ ተለያይተው አያውቁምና። ከሶፊያ በስተ ደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ፔርኒክ አለች። በዙሪያዋ ያሉ መንደሮች በየዓመቱ ጃንዋሪ 13 እና 14 ሱሮቫ የሚባለውን በዓል ያከብራሉ፤ በአሮጌው አቆጣጠር አዲስ ዓመት መሆኑ ነው። ዩኔስኮ በ2015 መዝግቦታል (ዓመቶቼ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማታ መንደሩ መሐል እሳት ይነዳል፤ ሱርቫካሪ የሚባሉት ጭምብል ለባሾች ሕዝቡን እያስፈራሩና እያሳቁ ይጫወታሉ። በማግስቱ ማለዳ መንደሩን እየዞሩ ወጣት ጥንዶችን በጨዋታ ይድራሉ። ድብ የሆነው ሰው ያገኘውን ሁሉ ለጤና ብሎ ቀስ አድርጎ ይደቁሳል። በሌላው የቡልጋሪያ ክፍል ተመሳሳዮቹ ኩኬሪ ይባላሉ።

አንድ ሱርቫካር በቅርብ ብታዩት ወገቡ ዙሪያ የታሰረው ወፍራም የቆዳ ቀበቶ ነው ዓይን የሚስበው። ትልልቆቹ የብረት ደወሎች ተደርድረው ተንጠልጥለውበታል። ሰውየው በእርጋታ ሲራመድ ደወሎቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ይንኳኳሉ እንጂ በትክክል አይጮኹም። ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን ወደ ላይ ወርወር አድርጎ ሲመልስ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመታሉ። የደወሉ ክብደት አዘላለሉን ይወስናል፤ አዘላለሉም ምቱን። ልብሱ ራሱ መሣሪያው ነው፤ ለባሹም ተጫዋቹ።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። በበግ ለምድና በቆዳ ቀበቶ የራሴን ልብስ ሠርቻለሁ። በእያንዳንዱ ደወል ላይ ፒየዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ትንሽ ዲስክ) ለጥፌ፣ የደወሉ ምት በቤት የሠራሁትን ኦሲሌተር፣ ማለትም ድምፅ አመንጪውን ክፍል፣ እንዲቀሰቅስ እፈልጋለሁ። ለባሹ ካልዘለለ ምንም ድምፅ አይኑር። ላፕቶፕ የለም፤ ቀድሞ የተቀዳ ድምፅም የለም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ኤሌክትሮኒክሱን የምታውቁ ሰርኪቱን (የሽቦውን አገጣጠም) እንዴት ትሠሩታላችሁ? ታሪኩን የምታውቁ ደግሞ፣ ይህን ነገር «አረማዊ» ብሎ መጥራት ምን ያህል ያስኬዳል?

ዘደብረ ታቦር

እህቴ፣ የእጅ ሥራሽን ሳላደንቅ አላልፍም። ግን ይቅር በዪኝና፣ ስሙ በግልጽ «አረማዊ» ከሆነ እኛ እዚያ ምን እንሠራለን? አያቶቻችን ባዕድ አምልኮን ትተው የወጡበትን መንገድ እኛ ለመድረክ ማሳመሪያ ብለን እንመለስበት? ጭምብልና ቀንድ በጨዋታ ይጀመራል፤ የት እንደሚያቆም ግን አይታወቅም።

ሽቦና ክር

ስጋትህ ይገባኛል ወንድሜ፤ ስድብም አልወሰድኩትም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፦ ሱርቫካሪዎቹ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ከሚጫወቷቸው ገጸ ባሕርያት አንዱ ቄስ ነው፤ ጥንዶቹም የሚዳሩት በእርሱ ፊት ነው። ከበዓሉ በኋላ የተሰበሰበውን ስጦታ ብዙ ጊዜ ለወላጅ አልባ ልጆችና ለችግረኞች ይሰጡታል። እነዚህን ሰዎች «ጣዖት ታመልካላችሁ?» ብትላቸው ይስቁብሃል። እኔም የማመልከው የለም፤ የሰፋሁት ልብስ ነው።

ዘደብረ ታቦር

ቄስን በጭምብል ማስመሰልማ ጭራሽ ባሰ።

የድኒፐር ማዶ

ልጆቼ፣ እኔ በደርግ ዘመን ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት አንዱ ነኝ። ኪየቭ ነበርኩ። ሽቦና ክር ሁለተኛውን ጥያቄዋን ስለጠየቀች የማውቀውን ላካፍላት።

ስለ ስላቮች ጥንታዊ እምነት የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ ያንኑም የጻፉልን ብዙዎቹ ጠላቶቹ ናቸው። የኪየቩ ዜና መዋዕል እንደሚለው ልዑል ቭላዲሚር በ980 ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ጣዖታት አቆመ። የነጎድጓዱ አምላክ ፔሩን ከእንጨት ተጠርቦ ራሱ ብር፣ ጢሙ ወርቅ ነበር። ከእርሱ ጋር ኮርስ፣ ዳዥቦግ፣ ስትሪቦግ፣ ሲማርግልና ብቸኛዋ ሴት ሞኮሽ ቆሙ። ቭላዲሚር ራሱ በ988 ተጠመቀና ፔሩንን በፈረስ ጭራ አስሮ አስጎተተው፤ 12 ሰዎች በዱላ እየደበደቡት ወርዶ ድኒፐር ወንዝ ውስጥ ተጣለ። ሕዝቡ እያየ አለቀሰ ይላል ጸሐፊው፣ መነኩሴ ሆኖ ሳለ። ይህን መስመር ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ለጠላቱ እንባ ቦታ የሰጠ ጸሐፊ ውሸቱ አነስተኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

በስተ ምዕራብም እንዲሁ ነው። በባልቲክ ባሕር በሩገን ደሴት፣ አርኮና ላይ፣ ባለ አራት ራሱ ስቫንቴቪት ይመለክ ነበር። ስለ እርሱ በዝርዝር የጻፈው ዴንማርካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሳክሶ ነው፤ በ1168 ያፈረሱትም ዴንማርካውያን ናቸው። አፍራሹ ወገን የጻፈው የንብረት ዝርዝር ነው ማለት ትችላላችሁ።

ስለዚህ አንድ ወጣት ተነሥቶ «ይህ የፔሩን ጥንታዊ መዝሙር ነው» ካላችሁ አትመኑት። የተረፈ መዝሙር የለም። የተረፈው በክርስትናው ዓመት ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው ነው፤ የክረምት ጭምብሎች፣ የጸደይ መጥሪያ ዘፈኖች፣ የኢቫን ኩፓላ ሌሊት። ኩፓላን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ልጃገረዶች የአበባ ጉንጉን ላይ ሻማ አብርተው ወንዝ ላይ ይለቃሉ፤ ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው እሳት ይዘላሉ፤ እጃቸው ካልተላቀቀ አብረው ይኖራሉ ይባላል። በዓሉ ግን የሚከበረው በመጥምቁ ዮሐንስ ስም ነው። አረማዊ ነው ክርስቲያን? ለዘደብረ ታቦርም ለሽቦና ክርም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ከሺህ ዓመት በኋላ መለያየት አይቻልም።

ሌላም ልጨምር። ኩኬሪን ከስላቮች በፊት በዚያ አካባቢ ከነበሩት ትራኪያውያን ከሚባሉት ጥንታውያን ሕዝቦች ጋር የሚያያይዙ ብዙ ናቸው። ዩክሬን ውስጥ ክራስኖይልስክ በምትባል ቦታ በማላንካ (በአሮጌው አቆጣጠር የአዲስ ዓመት ዋዜማ) በዓል ሰዎች ከራስ እስከ እግር በገለባ ተጠቅልለው ድብ ይሆናሉ፤ ውብ ነው፤ የአካባቢው ሰው ግን አብዛኛው ሮማኒያዊ ነው። «ንጹሕ ስላቭ» የሚል ነገር ከመድረክ ማስታወቂያ ላይ ብታወጡት ምንም አይጎድልባችሁም።

ብየዳ ቤት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ደግሞ ወደ ሽቦው።

እህቴ፣ ሲዲ 40106 የሚባለውን ቺፕ ፈልጊ። ርካሽ ነው፤ ውስጡ ስድስት ኢንቨርተር (የገባለትን ምልክት ገልብጦ የሚያወጣ ክፍል) አለው። ከእያንዳንዱ መውጫ ወደ መግቢያው አንድ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ)፣ ከመግቢያው ወደ ግራውንድ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ) አንድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም) ካደረግሽ ያ ኢንቨርተር ኦሲሌተር ሆነ። በ0.1 ማይክሮፋራድ እና በ100 ኪሎ ኦም ወደ 100 ኸርዝ የሚጠጋ ወፍራም ድምፅ ታገኛለሽ። ሬዚስተሩን ወደ 1 ሜጋ ኦም ብታሳድጊው ድምፁ ይቀርና ተራ በተራ የሚቆጠር ትክትክታ ይሆናል። የ9 ቮልት ባትሪ ይበቃዋል። እግር 14 ፖዘቲቭ፣ እግር 7 ግራውንድ። የማትጠቀሚባቸውን መግቢያዎች ግራውንድ ላይ እሰሪ፤ ሳይገናኙ ከቀሩ ቺፑ የማይሆን ነገር ይሠራል። መውጫዎቹን ስትቀላቅዪ በቀጥታ አታገናኚያቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ 10 ኪሎ ኦም ይኑር።

አሁን ደወሉ። ፒየዞው ሲመታ ብዙ ቮልት ሊተፋ ስለሚችል በቀጥታ ወደ ቺፕ አታስገቢው። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ፦ ፒየዞውን በትንሽ ማጉያ፣ ኤልኤም 386 በመሰለ፣ አሳልፌ መውጫው ላይ በዳዮድና በካፓሲተር በኩል ኤልኢዲ መብራት አደርጋለሁ። መብራቱን ከብርሃን ሬዚስተር ጋር ፊት ለፊት አጋጥሜ ሁለቱንም ጥቁር ቱቦ ውስጥ እከታለሁ፤ የውጭ ብርሃን እንዳይገባ ጫፍና ጫፉን በጥቁር ቴፕ። ያን የብርሃን ሬዚስተር በኦሲሌተሩ ሬዚስተር ቦታ ታስገቢዋለሽ።

ውጤቱን ልንገርሽ። ጨለማ ውስጥ የብርሃን ሬዚስተሩ መጠን በጣም ከፍተኛ ስለሆነ ኦሲሌተሩ ከስንት አንዴ ብቻ ትክ ይላል። ደወሉ ሲመታ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ሬዚስተሩ ይወርዳል፣ ድምፁ ወደ ላይ ይፈናጠራል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ የብርሃን ሬዚስተሩ ወዲያው አይመለስም፤ እየተንፏቀቀ ነው። ስለዚህ ድምፁም እየወፈረ፣ እየወረደ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ትክትክታ ይሆናል። ይህን መዘግየት ፋብሪካዎች እንደ ጉድለት ያዩታል። ለአንቺ ግን ልክ የፈለግሽው ነው፤ ደወሉ ካልተመታ ዜማ የለም።

ሽቦና ክር

ይህን መልስ አትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሽቦዎቹን በኤሌክትሪክ አስተላላፊ ክር ብተካቸውስ? ለምዱ ውስጥ በጥልፍ መልክ ማስኬድ እችላለሁ፤ ከውጭም ያምራል።

ብየዳ ቤት

ለንክኪ መቀስቀሻ፣ ማለትም ጥልፉን በጣት ሲነኩት ድምፅ እንዲያወጣ ከሆነ፣ ግሩም ነው። ለባትሪ መስመር ግን አልመክርም። ክሩ ከመዳብ ሽቦ ይልቅ ብዙ ሬዚስታንስ አለው፤ ብዙዎቹ መበየጃ አይዛቸውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የበግ ለምድ ለብሶ የሚዘል ሰው ያልበዋል። ላብ ጨው ነው፤ ጎን ለጎን የሄዱ ሁለት ራቁት ክሮች በላብ ሲርሱ ይገናኛሉ። በሲሊከን የተሸፈነ፣ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ያለው ለስላሳ ገመድ ተጠቀሚ። ብየዳው አጠገብ ገመዱን ትንሽ ጠምዝዘሽ ከጨርቁ ጋር ስፊው፤ በዳንስ ጊዜ ሽቦ የሚበጠሰው ሁልጊዜ ብየዳው አፍ ላይ ነው።

የበገና ልጅ

አዲስ አበባ ሆኜ ይህን ሳነብ ገረመኝ፤ እኔ በሌላ በኩል እዚያው ደርሻለሁና። በገናዬ ላይ ከአሮጌ የማንቂያ ደወል ያወጣሁትን ፒየዞ ለጥፌ እጫወታለሁ። የተማርኩትን ልስጥሽ፦ ፒየዞ ብረት ላይ ሲለጠፍ የሚያነሣው ከፍተኛውን፣ ጆሮ የሚወጋውን ድምፅ ነው። ማጉያው መግቢያ ላይ የ1 ሜጋ ኦም ያህል ከፍተኛ ኢምፒዳንስ (ለምልክቱ የሚያሳየው ተቃውሞ) ካላገኘ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ጨርሶ ይጠፋል። ፒየዞውና ደወሉ መካከል ስስ ቆዳ አድርጊ።

ሌላው፣ ድምፁን ለማሻከር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ አትፈልጊ። በበገና ነዝናዛውን ድምፅ የሚሰጠው እንዚራው ነው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው ትንሽ ቆዳ። አንቺም ስፒከሩ ፊት ላይ ቀጭን የደረቀ ቆዳ ልል አድርገሽ ስፊ። የኦሲሌተሩ ድምፅ ሲያንቀጠቅጠው ቆዳው ራሱ ይነዝራል። እንግዲህ ስፌቱም የድምፁ አካል ሆነ ማለት ነው።

አልማዝ ከክራኮው

ሁላችሁም ስለ ሽቦ ታወራላችሁ፤ እኔ ደግሞ ደስ የማይለውን ላንሣው።

ክራኮው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ውስጥ የዝብሩች ጣዖት የሚባለው የኖራ ድንጋይ ምሰሶ ቆሟል። በ1848 ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ካለው ዝብሩች ወንዝ ነው የወጣው። ቁመቱ ከ2.5 ሜትር በላይ ነው፤ በአራቱም አቅጣጫ ፊት አለው። እውነተኛነቱን የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ቢሆንም እዚህ አገር የምታዩት «የስላቭ» ፖስተርና ቲሸርት ሁሉ ላይ አለ። ያ ጉዳት የለውም። ኮሎቭራት የሚባለው ባለ ስምንት ክንድ ጎማ ምልክት ግን ሌላ ነው። ብዙዎች በንጹሕ ልብ ያደርጉታል፤ የነጭ የበላይነት አቀንቃኞችም እንዲሁ ባንዲራቸው አድርገውታል። አንድ የጸደይ ዝግጅት ላይ በገዛ እጄ የጠለፍኩትን ሸሚዝ ለብሼ ሄጄ፣ ደረቱ ላይ ይህን ምልክት ያደረገ ሰው «ይህ የደም ጉዳይ ነው፣ አንቺን አይመለከትም» አለኝ። የቆምኩበትን ቦታ አልለቀቅኩም፤ ዘፈኑንም ከእርሱ የተሻለ አውቀው ነበር።

ስለዚህ ሽቦና ክር፣ ለጥልፍሽ ምልክት ስትመርጪ እባክሽ ከኢንተርኔት አትልቀሚ። የመንደር ጥልፍ፣ የመጋረጃ ጠርዝ፣ የዳቦ ላይ ማኅተም ሞልቷል።

ለዘደብረ ታቦርም አንድ ነገር። እዚህ ማዣና የምትባል የገለባ አሻንጉሊት አለች፤ የክረምትና የሞት ምስል ናት። በማርች ወር የትምህርት ቤት ልጆች አሮጌ ልብስ አልብሰው፣ አቃጥለው ወንዝ ውስጥ ይጥሏታል። በ1420 የፖዝናን ሲኖዶስ ይህን ልማድ እንዳይፈቅዱ ካህናቱን አዝዞ ነበር። ልጆቹ ዛሬም ይጥሏታል፤ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ ይሄዳሉ።

ዘደብረ ታቦር

እህት አልማዝ፣ በደረሰብሽ አዝናለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ሲኖዶሱ ያለ ምክንያት አልከለከለም።

አጭር መልስ

ይህ ሁሉ ድካም ለማን ነው? ተመልካቹ ፒየዞው ቆዳ ላይ ይሁን ብረት ላይ አያውቅም። ጎ_ኤ የተባለው የዩክሬን ቡድን በ2021 ሮተርዳም ላይ የጸደይ መጥሪያ ዘፈንን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አዋሕዶ በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር 5ኛ ወጣ። ደወል የተለጠፈበት ሰው አልነበረም። ሰው ወደደው፣ አለቀ።

ሽቦና ክር

ጎ_ኤን እኔም እወዳለሁ። ግን እዚያ ውስጥ የሚሸከመው የዘፋኟ ድምፅ ነው፤ በጥንታዊው የአዘፋፈን ስልት፣ ከጉሮሮ በቀጥታ የሚወረወር ነጭ ድምፅ። ከዚያ በኋላ ምቱ ከየትም ይምጣ። ዳካብራካም እንዲሁ ነው። በ2004 ኪየቭ ውስጥ ከዳክ ቴአትር የተወለደ ቡድን ነው፤ ረጃጅም የሱፍ ቆብ ያደርጋሉ፤ መድረኩ ላይ ግን ቼሎና ከበሮ፣ ከዚያም የሰው ጉሮሮ ነው ያለው። ቆቡን ብታወልቁባቸውም ዘፈኑ እንዳለ ይቀራል።

እኔ ግን ዘፋኝ አይደለሁም፤ ያለኝ ወገብና ጉልበት ነው። ተመልካቹ ፒየዞውን ባያውቀውም አንድ ነገር ያያል፦ ለባሹ ሲደክም ድምፁም ይደክማል። ከላፕቶፕ የሚወጣ ድምፅ አይደክምም። በስሎቬኒያ ፕቱይ ኩሬንት የሚባሉት የበግ ቆዳ ለባሾች ከፌብሩዋሪ 2 ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይዘላሉ፤ ክረምትን ለማባረር ነው ይባላል። የመጨረሻው ቤት ሲደርሱ ያላቸው አዘላለል ከመጀመሪያው ቤት ጋር አንድ አይደለም። ልሠራ የምፈልገው እርሱን ነው፤ የሰው አቅም እያለቀ ሲሄድ መስማት።

አልማዝ፣ ስለ ምልክቱ ያልሽውን ተቀብያለሁ። ጎማ፣ ፀሐይ የሚመስል ነገርም አላደርግም። ቀበቶው ላይ የማስኬደው የሾፕስኮ አካባቢ (የሶፊያ ዙሪያ) የእጅጌ ጥልፍ ነው፤ የቤቴ ባለቤት የሆኑት አሮጊት ከሣጥናቸው አውጥተው ያሳዩኝን እየቀዳሁ ነው። ቀዩን ክር እንኳ የመረጡልኝ እርሳቸው ናቸው፤ «ይህ ሮዝ ነው፣ ጣዪው» እያሉ።

ጋሼ፣ «አረማዊ» የሚለውንም ከማስታወቂያው ላይ አወጣዋለሁ። «የክረምት ጭምብልና ደወል» ብቻ ይበል።

የድኒፐር ማዶ

እንዲያ ነው የሚሻለው። ደግሞ ስለ መሣሪያ ካነሣችሁ አይቀር፦ በዚያ አገር ልጆች ሲንተሳይዘር በእጅ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። ሞስኮ ውስጥ የቭጌኒ ሙርዚን የተባለ መሐንዲስ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ ዓመታት ደክሞ ኤኤንኤስ የሚባል ማሽን ሠርቷል። በጥቁር ቅብ በተሸፈነ መስታወት ላይ ትጭራለህ፤ ብርሃን በጭረቱ ውስጥ ያልፍና ድምፅ ይሆናል። ስሙ የሙዚቃ ደራሲው የስክሪያቢን ስም ምህጻር ነው። የብየዳ ቤትን ጥቁር ቱቦና መብራት ሳነብ ትዝ ያለኝ እርሱ ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ ኡራል ውስጥ ካችካናር ላይ ፖሊቮክስ የሚባለው ሲንተሳይዘር ይመረት ነበር። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ዛሬ በውድ ይፈለጋል።

የበገና ልጅ

ጋሼ፣ ያ ማሽን ዛሬ የት ነው?

የድኒፐር ማዶ

ሞስኮ፣ የግሊንካ ሙዚየም።

ሽቦና ክር

የዛሬ ማታ ዜና፦ አንድ ደወል ሠራ! ቆዳውን መካከል አስገባሁ፤ የሚወጋው ድምፅ ጠፋ። ስዘል ድምፁ ብየዳ ቤት እንዳለው ተፈናጥሮ ይወርዳል። ችግሩ፣ ሁለተኛውን ደወል ስጨምር አንዱ ሲመታ የሌላውም ኦሲሌተር ይቀሰቀሳል። አንድ ቀበቶ ላይ ስለሆኑ ነው?

ብየዳ ቤት

አዎ፣ ቆዳው ንዝረቱን ያስተላልፋል። ሁለት መፍትሔ አለ። የማጉያውን አቅም ቀንሺ፤ ደካማው ንዝረት መብራቱን ለማብራት እንዳይበቃ። ካልሆነ ደወሎቹን ከቀበቶው ጋር በቀጥታ ሳይሆን በወፍራም የሱፍ ቁራጭ ላይ እሰሪያቸው።

አልማዝ ከክራኮው

ወይም ተዪው። በመንደሩም አንዱ ደወል ሌላውን ያንኳኳል ብለሽናል እኮ።

ብየዳ ቤት

እሱም እውነት ነው። ግን መጀመሪያ የሱፉን ሞክሪና ሁለቱንም ቀድተሽ ላኪልን፤ ሰምተን እንምረጥ። ባትሪውን ደግሞ ከጀርባ እንዳታደርጊው፤ ስትወድቂ የሚያርፈው እዚያ ነው።